ኮይምብራ ከእናትሽ ጋር፦ ደርሶ መልስ ሳይሆን እደሩባት

ሰላም እህቴ። እናትሽ ሊጠይቁሽ መጥተው አብራችሁ ሊዝበን ልትሄዱ ነው፤ ሁለት ቀን ትርፍ አላችሁ። «ኮይምብራን በአንድ ቀን ደርሶ መልስ ማየት ይቻላል? የእናቴ ጉልበትስ ዳገቱን ይችለዋል?» ነው ጥያቄሽ። እኔ ይህችን የፖርቱጋል የዩኒቨርሲቲ ከተማ ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ። አንዴ ብቻዬን፣ በደርሶ መልስ። ሁለተኛ ደግሞ ጉልበታቸውን ከሚያማቸው ጡረተኛ አጎቴ ጋር፣ ሁለት ሌሊት አድረን። ስለዚህ ጥያቄሽ ልክ እኔ የገባሁበት ነው።

ባጭሩ፦ እደሩ። አንድ ሌሊትም ይበቃል። ዳገቱን ደግሞ አትውጡት፤ በታክሲ ጫፉ ላይ ውረዱና ቀስ እያላችሁ ወደ ወንዙ ውረዱ። ሌላው ሁሉ ከነዚህ ከሁለቱ ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

የመጀመሪያው ጉዞዬ ያልተሳካው ሁለቱንም ስላላደረግኩ ነው። ከሊዝበን ጠዋት መጣሁ። ከታች ከወንዙ ዳር ጀምሬ ቦርሳዬን ተሸክሜ በእግሬ ወጣሁ። ከአሮጌው የከተማ በር ወደ ላይ የሚወስደው ደረጃ ኬብራ ኮሽታሽ ይባላል፤ «ጀርባ ሰባሪ» እንደ ማለት ነው። ስሙ የተጋነነ አይደለም። ድንጋዩ በብዙ መቶ ዓመት እግር ተልጎ እንደ መስታወት ያበራል። መሃል ላይ ቆሜ ሳርፍ፣ እንደገና ስወጣ፣ ቲኬቴ ላይ የተጻፈው የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት መግቢያ ሰዓት አለፈኝ። አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የዘገየሁት። አልተቻለም፤ የቀረው ሰዓት በሙሉ ተይዟል። የመጣሁበትን ዋናውን ነገር ሳላይ ወደ ባቡሩ ተመለስኩ። ያ ቀን እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ከቤተ መጻሕፍቱ ልጀምር። ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው በ1290 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እንደዚሁ ናቸው)፤ መሥራቹ ንጉሥ ዲኒሽ ነው። መጀመሪያ ሊዝበን ነበር። ከዚያ በሁለቱ ከተሞች መካከል ሲመላለስ ኖሮ በ1537 ንጉሥ ዡዋው 3ኛ ኮይምብራ ላይ አጸኑት። ያረፈውም ኮረብታው ጫፍ ላይ በነበረው በነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ለዚህ ነው ግቢው ከትምህርት ቤት ይልቅ የንጉሥ አደባባይ የሚመስለው። ፖርታ ፌሪያ በሚባለው በር ስትገቡ ሰፊ ሜዳ ይከፈታል። በሦስት በኩል ሕንፃዎቹ ከበውታል፤ በአራተኛው በኩል ግን ክፍት ነው። ጫፉ ላይ ሄዳችሁ ስትቆሙ የሞንዴጎ ወንዝና የታችኛው ከተማ ጣሪያዎች ከእግራችሁ ሥር ናቸው። ዩኔስኮ ቦታውን በ2013 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ዡዋኒና የሚባለው ቤተ መጻሕፍት እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በንጉሥ ዡዋው 5ኛ ዘመን ተሠራ። የሚገባው በቡድን፣ በተቆረጠ ሰዓት ነው። መጀመሪያ ከሥር ያለውን የተማሪዎች እስር ቤት ታያላችሁ። አዎ፣ ዩኒቨርሲቲው የራሱ እስር ቤት ነበረው። ከዚያ ወደ ላይኛው አዳራሽ ትወጣላችሁ። እዚያ የሚሰጣችሁ ጊዜ አጭር ነው፤ ስልካችሁን ኪሳችሁ ከታችሁ በዓይናችሁ ብቻ እዩ።

ሦስት ክፍሎች ተከታትለው ይዘረጋሉ። መደርደሪያዎቹ እስከ ኮርኒሱ ድረስ በወርቅ ቀለም ያጌጡ ናቸው። በስተመጨረሻ የንጉሡ ሥዕል ይታያል። ግድግዳው ከሁለት ሜትር በላይ ይወፍራል፤ የውጭው ሙቀትና እርጥበት መጽሐፎቹን እንዳያገኛቸው ነው። ብዙ ሰው የሚገርመው ግን ሌላ ነገር ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የሌሊት ወፎች ይኖራሉ። ማንም አያባርራቸውም፤ ሌሊት ወጥተው ወረቀት የሚበሉትን ነፍሳት ይለቅማሉ። ሠራተኞቹ ማታ ማታ ጠረጴዛዎቹን በቆዳ ይሸፍኗቸዋል፤ ጠዋት ገልጠው የሌሊት ወፉን ኩስ ያጸዳሉ። መጽሐፍ የሚጠበቀው በመድኃኒት ብቻ መስሎ ይታየኝ ነበር።

አጎቴ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። በሩን እንዳለፉ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙት። ሌላው ሰው ጣሪያውን ሲያይ እሳቸው መደርደሪያውን ጠጋ ብለው ያያሉ። «ከላይ ያለውን መጽሐፍ በምን ያወርዱት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። አስተርጉሜ ለአስተናጋጇ ነገርኳት። ልጅቷ ፈገግ አለችና በሁለት መደርደሪያዎች መካከል ያለችውን ቀጭን ክፍተት በጣቷ አሳየችን። መሰላሉ እዚያ ውስጥ ነው ያለው። ሲፈለግ ይሳባል፤ ሲጨርሱ ተመልሶ ይገባና የመደርደሪያው ጌጥ አካል ይመስላል። አጎቴ ያቺን ክፍተት ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩአት። ስንወጣ ከወርቁ ሁሉ ያነሱት ያንን መሰላል ነው። እናትሽም የራሳቸውን ነገር ያገኛሉና አታጣድፊያቸው።

ግቢው ውስጥ ያለው ግንብ ላይ የተሰቀለችውን ደወል ተማሪዎች «ፍየሏ» ነው የሚሏት። ክፍል መግቢያና ማታ ወደ ጥናት መመለሻ ሰዓት የምትነግራቸው እሷ ነበረች፤ ስለዚህ አይወዷትም ነበር። ግንቡ ላይ መውጣት ይቻላል። ደረጃው ግን ጠባብና ጠመዝማዛ ነው፤ ለእናታችን አይሆንም። እሳቸው ከታች አግዳሚ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይጠብቁሽ፤ ከሜዳው ጫፍ የሚታየውም በቂ ነው።

አሁን ወደ ጉልበት ነገር። ከሊዝበን ባቡሩ ከሁለት ሰዓት ያነሰ ወይም ሁለት ሰዓት ቢወስድ ነው። የምትወርዱት ኮይምብራ ቤ በሚባለው ጣቢያ ነው፤ ከመሃል ከተማ ትንሽ ወጣ ይላል። ቀድሞ ወደ መሃል የሚያስገባው ትንሹ የባቡር ጣቢያ በ2025 መጀመሪያ ላይ ተዘግቷል፤ የቆዩ ጽሑፎች አሁንም «እዚያ ቀይሩ» ስለሚሉ እንዳያሳስቷችሁ። ከጣቢያው በቀጥታ ታክሲ ያዙና «ኡኒቬርሲዳድ» በሉ። የባቡር ቲኬቱን ቀደም ብለሽ ከቆረጥሽ ይረክሳል። እናትሽ 65 ዓመት ከሞላቸው ደግሞ ለአረጋውያን የግማሽ ዋጋ ቅናሽ አለ፤ ፓስፖርታቸውን በእጅ ያዢላቸው። ከገበያው አጠገብ ወደ ላይ የሚያወጣ ሊፍት አለ። ጥሩ ነው፤ ግን ለጥገና የሚቆምበት ጊዜ ስላለ የቀኑን እቅድ በሱ ላይ አትጣይ።

ማደሪያ ስትይዢ ካርታ ላይ ቅርብ የሚመስል ነገር አያታልልሽ። ኮረብታ ላይ ሁለት መቶ ሜትር ማለት ሁለት መቶ ሜትር አይደለም። ታች፣ ባይሻ በሚባለው ሜዳማው ሰፈር ያዢ። ነጋዴውና የእጅ ባለሙያው ድሮ የኖረበት ሰፈር ነው፤ ማታ ወጥታችሁ ለመብላትም ይመቻል። ላይኛው አልታ ይባላል፤ የነገሥታቱ፣ የካህናቱ፣ በኋላም የተማሪዎቹ ነው።

አልታ ላይ አንድ ነገር ግር ይላል። ጠባብ የጥንት መንገድ ስትጠብቂ ግዙፍ፣ ቀጥ ያሉ ነጭ ሕንፃዎች ያጋጥሙሻል። ከ1940ዎቹ ጀምሮ በፖርቱጋል አምባገነን መሪ በሳላዛር አገዛዝ የተሠሩ ናቸው። ሳላዛር ራሱ እዚሁ ያስተምር የነበረ ሰው ነው። ለሕንፃዎቹ ሲባል የድሮው ሰፈር ትልቅ ክፍል ፈርሶ ነዋሪው ተነሥቷል። እኔ ሕንፃዎቹን አልወደድኳቸውም። ግን ሳይታዩ መታለፍ የለባቸውም፤ ምክንያቱም በ1969 ሚያዝያ ውስጥ የሒሳብ ትምህርት ክፍሉ አዲስ ሕንፃ ሲመረቅ የተማሪዎቹ መሪ በአገሪቱ ፕሬዚዳንት ፊት ተነሥቶ የመናገር ዕድል ጠየቀ። ተከለከለ። ከዚያ የመጣው አድማ አገዛዙን ያናወጠ ነበር። የእኛም ተማሪዎች በዚያው ዘመን አደባባይ ይወጡ ነበርና፣ አጎቴ ይህን ሲሰሙ ሕንፃውን ዞረው አዩት።

ቁልቁለቱን ስትጀምሩ መጀመሪያ አዲሱን ካቴድራል ታገኛላችሁ። «አዲሱ» ይባል እንጂ የኢየሱሳውያን ቤተ ክርስቲያን የነበረ ነው። አፄ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክነት የመለሱት ሚሲዮናውያን የዚሁ ማኅበር ሰዎች ናቸው፤ ይህን ለእናትሽ ብትነግሪያቸው ድንጋዩ ሌላ ነገር ይሆንላቸዋል። ጥቂት ወረድ ስትሉ አሮጌው ካቴድራል ሴ ቬልያ አለ። የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። አናቱ እንደ ምሽግ የተከረከመ፣ መስኮቱ ትንሽ፣ ግድግዳው ከባድ ነው። ከከተማዋ ሁሉ እኔ የምወደው ሕንፃ እሱ ነው። በሩ ፊት ያለው ደረጃ ላይ ተቀምጣችሁ እረፉ። ከዚያ ኬብራ ኮሽታሽን ወደ ታች። መያዣ ብረቱን ይዞ፣ ቀስ ብሎ። ዝናብ ከዘነበ ግን በዚያ አትሂዱ፤ ድንጋዩ ያንሸራትታል። ሶሉ የሚይዝ ጫማ የግድ ነው።

ታች ስትደርሱ ሳንታ ክሩሽ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የፖርቱጋል የመጀመሪያው ንጉሥ የአፎንሶ ኤንሪክሽ መቃብር አለ። ከጎኑ ያለው ካፌ ጣሪያው የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቡናችሁን እዚያ ጠጡ።

እደሩ ያልኩሽ ግን ለምሽቱ ነው። ከሰዓት በኋላ ቱሪስቱ በአውቶቡስ ይሄዳል። ከዚያ ከተማዋ የልጆቹ ትሆናለች። ጥቁር ካባ ደርበው ታያቸዋለሽ፤ በአንዳንዱ ካባ ጠርዝ ላይ የተቀደደ ነገር አለ። እያንዳንዱ ቅድ ለቤተሰብ፣ ለጓደኛ ወይም ለፍቅረኛ መታሰቢያ ነው። ረፑብሊካ የሚባሉትን ተማሪዎች በጋራ የሚያስተዳድሯቸውን ቤቶችም በመስኮታቸው ላይ በተሰቀለው ነገር ትለያቸዋለሽ።

ማታ ፋዶ የሚባለውን የፖርቱጋል ዘፈን በኮይምብራ ስልት ስሙ። ከሊዝበኑ ይለያል። በልማድ የሚዘፍኑት ካባ የለበሱ ወንዶች ናቸው፤ የተማሪ ሴሬናድ ነው፤ ማታ ለፍቅረኛ የሚዘፈን ዜማ ማለት ነው። አንድ ሰዓት የሚፈጅ ዝግጅት በአገሩ ሰዓት 18:00 ላይ የሚያቀርቡ ትንንሽ ቤቶች አሉ፤ እናትሽን አያስመሽም። ዘፈኑ ሲያልቅ ማጨብጨብ የቆየ ልማዳቸው አይደለም። ጉሮሮ ይጠርጋሉ። እኛ የገባንበት ቤት መብራቱ ደብዝዞ ነበር። የመጀመሪያው ዜማ አልቆ ዝም ሲባል ከኋላ አንድ ሽማግሌ «እህህ» አሉ። ሌላው ተቀበላቸው። አጎቴ ዞር ብለው አዩኝ፤ ነገርኳቸው። በሁለተኛው ዜማ መጨረሻ ከሁሉ ቀድመው ጉሮሮአቸውን የጠረጉት እሳቸው ነበሩ። ጊታር ተጫዋቹ ወደሳቸው እጅ ነሣ።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም። ሻንፋና የሚባለው በቀይ ወይን በሸክላ የበሰለ የፍየል ሥጋ የአካባቢው ነው። እናትሽ የሚጾሙ ከሆነ ግን ተጠንቀቂ። ካልዱ ቬርድ የሚሉት የጎመንና የድንች ሾርባ የጾም ይመስላል፤ ላዩ ላይ የቋሊማ ቁራጭ ያደርጉበታል። «ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል» የሚለውን በፖርቱጋልኛ ስልክሽ ላይ ጽፈሽ አሳያቸው። እኔ እንደዚያ ሳደርግ በየቤቱ በደንብ ተባብረውኛል።

ወቅቱን መምረጥ ከቻልሽ ነሐሴን ተዪው። ይሞቃል፤ ተማሪውም የለም። ግንቦት ላይ ኬይማ ዳሽ ፊታሽ የሚባለው የተማሪዎች በዓል አለ። በሴ ቬልያ ደረጃ ላይ በሌሊት በሚዘፈን ሴሬናድ ይከፈታል። የሕግ ተማሪ ቀይ፣ የሕክምናው ቢጫ ሪባን ይዞ ይወጣል። በጣም ያምራል፤ ግን ማደሪያ አይገኝም፣ ሌሊቱም ጩኸት ነው። ከእናት ጋር ጥቅምት ወይም መጋቢት ይሻላል።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ወንዙን ተሻገሩ። እዚያ መንገዱ ሜዳ ነው። የሳንታ ክላራ አሮጌ ገዳም ፍርስራሽ አለ፤ ወንዙ እየሞላ ስላስቸገራቸው መነኮሳዪያቱ በ1677 ለቀውት ወጡ። ከዚያ ዞር ብላችሁ ኮረብታውን እዩት። ትላንት የወረዳችሁት በሙሉ አንድ ላይ የሚታየው ከዚያ ነው።

ስትይዢ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ የዡዋኒናን ሰዓት፣ ጠዋት ሳይሆን እኩለ ቀን አካባቢ። ቀጥሎ ባቡሩን። ማደሪያውን መጨረሻ። ሻንጣችሁን ደግሞ ወደ ላይ ይዛችሁ እንዳትወጡ፤ ታክሲውን መጀመሪያ በማደሪያው በኩል አሳልፊውና አስቀምጡት። የእናትሽ ጉልበት ደረጃ ጨርሶ የማይወርድ ከሆነ ንገሪኝ፤ በመኪና ብቻ የሚደረስበትን እጽፍልሻለሁ።