ቦርድ መግባት ለምትመኙ፦ መጀመሪያ ኢንቨርተሩን ክፈቱ

ልጆች፣ ብዙዎቻችሁ በታዳሽ ኃይል ዘርፍ የቦርድ አባል ለመሆን ምን መማር እንዳለባችሁ ትጠይቁኛላችሁ። መልሴ ሁሌም አንድ ነው። መጀመሪያ መብራቱ እንዴት እንደሚመጣ እወቁ፣ ወንበሩ ይደርሳል።

እኔ የጀመርኩት ከጥገና ነው። በመጀመሪያው ዓመት የአንድ ሶላር ጣቢያ ምርት ቀትር ላይ እየወረደ ምክንያቱ ጠፋን። ፓኔሎቹን ለካን፣ ገመዱን ፈተሽን፣ ምንም የለም። በመጨረሻ አንድ አንጋፋ ቴክኒሽያን የኢንቨርተሩን፣ ማለትም የፓኔሎቹን ኤሌክትሪክ መስመሩ ወደሚቀበለው ዓይነት የሚለውጠውን መሣሪያ፣ የአየር ማጣሪያ መዘዝ አድርጎ አሳየን። አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ወፍሯል። አየር ሲያጥረው ኢንቨርተሩ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ራሱን ለማዳን ኃይል ይቀንሳል። ዛሬም ቦርድ ላይ "የጥገና በጀት ይቀነስ" ሲባል ዓይኔ ላይ የሚመጣው ያ ማጣሪያ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ይህን በደንብ ያዙልኝ። ሪፖርቱ "100 ሜጋዋት ተክለናል" ይላል። ሜጋዋት አቅም ነው፤ የሚሸጠው ግን ሜጋዋት ሰዓት፣ ማለትም ያ አቅም በሠራባቸው ሰዓታት ያመረተው ኃይል ነው። በዓመት 8,760 ሰዓት አለ፣ ግማሹ ሌሊት ነው፣ ደመናም አለ። ጣቢያው በአማካይ የአቅሙን 20 በመቶ ካመረተ፣ በወረቀት ላይ ከሚታሰበው 876 ሺህ ሜጋዋት ሰዓት የምታገኙት 175 ሺህ ገደማ ነው። የፀሐይ ነገር እንዲህ ነው፣ ማንም አላጠፋም። ብድሩ የሚከፈለው ግን በዚህ በትንሹ ቁጥር ነው፣ እና በትልቁ አጨብጭቦ የወጣ ቦርድ በኋላ ይቸገራል።

እኔም አጨብጭቤ አውቃለሁ። አንድ ፕሮጀክት አጸደቅን፤ ፓኔሎቹ በጊዜው ተተክለው አለቁ፣ የማስተላለፊያ መስመሩ ግን አልደረሰም። ወራት ሙሉ ፀሐይ እየወጣች ትገባለች፣ ጣቢያው ዝም። ስጋቱ ሰነዱ ውስጥ ተጽፎ ነበር፣ መጨረሻ ላይ፣ አባሪው ውስጥ። አንብቤዋለሁ። ሁሉም ተስማምቶ ሰዓቱም መሽቶ ስለነበር ስብሰባውን ማስረዘም ከበደኝና ሳልጠይቅ እጄን አወጣሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለ ካርቦን ልቀትም እንዲሁ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. ከ2015ቱ የፓሪስ የአየር ንብረት ስምምነት ወዲህ ብዙ ኩባንያ "ኔት ዜሮ እንደርሳለን" ብሎ፣ ማለትም የምንለቀውን ካርቦን ቀንሰን የቀረውን ከአየር በማስወገድ እናካክሳለን ብሎ፣ ቃል ገብቷል። የትኛው ልቀት ተቆጥሮ? ስኮፕ 1 ኩባንያው ራሱ የሚያቃጥለው ነው፣ ስኮፕ 2 ከሚገዛው ኤሌክትሪክ የሚመጣው፣ ስኮፕ 3 ደግሞ የአቅራቢዎቹና የደንበኞቹ። ለብዙዎቹ ትልቁ ሦስተኛው ነው፣ ከሪፖርቱ የሚጎድለውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ሌላው፣ ንባብ አታቁሙ። እ.ኤ.አ. በ1954 የተሠራው የመጀመሪያው የሲሊከን ሶላር ሴል ካረፈበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 6 በመቶ ገደማ ነበር፣ ዛሬ ገበያ ላይ ያለ ፓኔል ከ20 በመቶ ያልፋል። ትናንት "አያዋጣም" ብላችሁ የዘጋችሁት ፋይል ዛሬ ሊያዋጣ ይችላል።

ደግሞ ወጣት ነኝ ብላችሁ ዝም አትበሉ። በቅርቡ በገባሁበት ስብሰባ ላይ ማስታወሻ ልትይዝ የመጣች ወጣት መሐንዲስ እጇን አወጣችና "መስመሩ መቼ ነው የሚያልቀው?" አለች። የሚመልስላት ጠፋ። ሰብሳቢው ብዕሩን አስቀመጠ፣ ውሳኔውም ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላለፈ።