መልስ፦ የ2010ሩ ሚስተር ጌይ ቻይና ለምን ተሰረዘ?

ወንድሜ፣ ስለ ሚስተር ጌይ ቻይና፣ ማለትም ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶች ስለሚወዳደሩበት የቁንጅና ውድድር፣ «ቤጂንግ ላይ የታገደው ሕጉ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን ስለሚከለክል ነው?» ብለህ ለጠየቅከው፣ አይደለም። ቻይና ከወንጀልነት ያወጣችው በ1997 ነው፤ ከአእምሮ ሕመም ዝርዝር ደግሞ በ2001 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ውድድሩ ለጃንዋሪ 15 ምሽት ተቀጥሮ ነበር። ስምንት ተወዳዳሪዎች በመዋኛ ልብስ፣ በተሰጥኦና በጥያቄና መልስ ሊዳኙ ተዘጋጅተዋል። ሊጀመር አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ፖሊስ ደረሰና አስቆመው። የተሰጠው ምክንያት የፈቃድ ጉድለት ነው። እዚያ አገር ለሕዝብ የሚቀርብ የመድረክ ትርኢት አስቀድሞ ፈቃድ ይፈልጋል፤ በምሽት ክለብ የሚደረግ ዝግጅት ደግሞ በቀላሉ በዚህ ይያዛል። በእኔ እምነት ግን ወረቀቱ ሰበብ ነው፤ ባለሥልጣናቱን ያስፈራቸው ዝግጅቱን ሊዘግብ የመጣው ጋዜጠኛ ብዛት ነው። ለእነዚያ ስምንት ልጆች ፊታቸውን በአደባባይ ማሳየት ትልቅ ድፍረት ነበር፤ ያሳዝናል።

ያም ሆኖ ቻይና ሳትወከል አልቀረችም፤ በፌብሯሪ ኦስሎ በተደረገው ሚስተር ጌይ ወርልድ ላይ ተወዳዳሪ ነበራት፤ ያሸነፈው ግን ደቡብ አፍሪካዊው ነው። ይህ ዓለም አቀፍ ውድድር በ2009 ካናዳ፣ ዊስለር ላይ ተጀመረ፤ በ2012 ጆሃንስበርግ ሲገባ ኢትዮጵያን ወክሎ የቀረበም ነበር።