ከኮምፖነንቱ የወጣውን ገጽ አንብቡ

ድረ-ገጽ መሥራትን ሙያችሁ ላደረጋችሁ ታናናሾቼ፦

ሥራ በጀመርሁበት ዘመን የድረ-ገጽ ራስጌና ግርጌ ከፋይል ወደ ፋይል እየተገለበጠ ይለጠፍ ነበር። ምናሌው ላይ አንድ ማስፈንጠሪያ ለመጨመር አርባ ፋይል መክፈት ግድ ይል ስለነበር፣ ከአርባዎቹ አንዱ ሳይታረም ቀርቶ ከወራት በኋላ አንባቢ ሲደርስበት ማየት የተለመደ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 ጄኪል፣ በ2013 ደግሞ ሁጎ የተባሉ የድረ-ገጽ ማመንጫዎች ሲወጡ ይህ ድካም ቀለለልን፤ ጽሑፉ በማርክዳውን (በቀላል ምልክቶች በሚጻፍ የጽሑፍ ዓይነት)፣ መልኩ በቴምፕሌት (ገጾች በሚጋሩት ንድፍ) ይጻፋል፤ ማመንጫው ሁለቱን አዋህዶ ያለቀለት ኤችቲኤምኤል ያወጣል፤ ሰርቨሩም ያንኑ እንዳለ ለአንባቢ ያደርሳል። ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ከዚያ ቀጥሎ ስለመጣው፣ ቴምፕሌትን በኮምፖነንት፣ ማለትም ለብቻ ተጽፎ በየገጹ በሚጠራ ቁራጭ፣ ከፋፍሎ ስለመጻፍ ነው። ምሳሌ የማደርገውም ከዕለት ሥራዬ የማውቀውን፣ ዛክ ሌዘርማን ለፈጠረው ኢሌቨንቲ ለተባለ ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ2022 የቀረበውን ዌብሲ የተባለ ፕለጊን (ተጨማሪ መሣሪያ) ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ፋይል ትፈጥራላችሁ፤ በውስጡ ኤችቲኤምኤሉን፣ ለእሱ የሚያስፈልገውን ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነውን ስታይል) እና ጃቫስክሪፕት አንድ ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ ከዚያ በኋላ የፋይሉ ስም በሌሎች ገጾች ላይ እንደ ታግ ይጠራል። ቢልድ ሲደረግ፣ ማለትም ገጾቹ ከምንጭ ፋይሎቹ ሲመነጩ፣ ማመንጫው በታጉ ቦታ የፋይሉን ይዘት ያስገባል፤ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የተጠሩትን ኮምፖነንቶች ስታይል ብቻ ሰብስቦም ለዚያ ገጽ ያዘጋጃል። ስለዚህ የፎቶ ማሳያ የሌለው ገጽ የፎቶ ማሳያውን ስታይል አይሸከምም። ኮምፖነንቶቹን ለመገጣጠም ብቻ ተብሎ ወደ አንባቢው ብራውዘር የሚላክ ጃቫስክሪፕትም የለም። ይህን ነጥብ አጥብቃችሁ ያዙልኝ፤ ኮምፖነንት ለእኛ ለጸሐፊዎቹ የሚመች አደረጃጀት ነው፤ አንባቢው የሚያገኘው ግን የወጣውን ገጽ ብቻ ነው። በወጣት ባልደረቦቼ ዘንድ ደጋግሜ የማየው ጉድለት፣ ኮምፖነንቱን በብዙ ጥንቃቄ ጽፈው ከእሱ የወጣውን ፋይል አንድም ቀን ከፍተው አለማንበባቸው ነው።

እኔም በዚሁ ተይዤ አውቃለሁ። የጽሑፍ ርዕስ፣ ቀንና ሥዕል የሚያወጣ ኮምፖነንት ሠርቼ፣ ከሌሎች ማዕቀፎች በለመደ እጄ የመዝጊያ ታግ ሳልጽፍለት በመክፈቻው መጨረሻ ላይ ስላሽ አድርጌ አለፍሁ። በኤችቲኤምኤል ደንብ ግን በራሳችን ስም በፈጠርነው ታግ ላይ ያ ስላሽ ምንም አይሠራም፤ ፋይሉን የሚተነትነው ፕሮግራም ስላሹን ዘልሎ ታጉ ገና እንደተከፈተ ነው ብሎ ይቀጥላል። በዚህ የተነሳ ከሥሩ ያለው የጽሑፉ አካል በሙሉ፣ እስከ ሜይን ታግ መዝጊያ ድረስ፣ የኮምፖነንቱ ልጅ (በታጉ ውስጥ ያለ ክፍል) ሆነ፤ ኮምፖነንቱ ደግሞ ልጆቹን የሚያስቀምጥበት ስሎት ስላልነበረው ሁሉንም ጣላቸው። ቢልዱ ያለ አንዳች የስህተት መልእክት አለቀ። ራስጌው አለ፣ ርዕሱ አለ፣ ግርጌው አለ፤ መካከሉ ባዶ ነው። የማርክዳውኑን ቅንብር ስፈትሽ ግማሽ ቀን አጠፋሁ፤ የወጣውን ፋይል ከፍቼ ባነብ ኖሮ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

ከውጤቱ ብቻ የሚታወቅ ሌላም ነገር አለ፤ እሱም የጠራንበት ታግ የራሱ ዕጣ ነው። ኮምፖነንቱ ኤችቲኤምኤል ብቻ ሲይዝ ዌብሲ ታጉን አንስቶ ይዘቱን ብቻ ያወጣል፤ ሁለት መስመር ስታይል የጨመራችሁለት ዕለት ግን ታጉ በውጤቱ ውስጥ ይቀራል። ካርዶቻችሁ በግሪድ (በረድፍና በዓምድ) የተደረደሩ ከሆኑ ይህ ትንሽ ለውጥ አይደለም። ትናንት የግሪዱ ቀጥተኛ ልጅ የነበረው አርቲክል ታግ ዛሬ የልጅ ልጅ ይሆናል፤ ቀጥተኛ ልጆችን ብቻ የሚመርጠው ሲኤስኤሳችሁም አያገኘውም። ታጉ ይቆይ ወይም ይነሳ ብሎ ማዘዣ አትሪቢዩት (በታጉ ውስጥ የሚጻፍ መግለጫ) ስላለ መፍትሔው አጭር ነው፤ መፍትሔውን የሚፈልገው ግን ችግሩን ያየ ሰው ነው። ስለ ስታይል ካነሳሁ ይህንም ልጨምር፦ የተሰበሰበው ሲኤስኤስ የት እንደሚገባ በዋናው ሌይአውት (ገጾቹን በሚያቅፈው ቴምፕሌት) ላይ እናንተው ካልጠቆማችሁ፣ ተሰብስቦ የትም አይወጣም።

ገጽን ወደ ኮምፖነንት መከፋፈል መቼ ተገቢ እንደሚሆን ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ። የእኔ ልማድ ገጹን አስቀድሞ ያለ ምንም ኮምፖነንት፣ በደህና ኤችቲኤምኤል ጽፎ መጨረስ ነው። ከዚያ አንድ ቁራጭ በሦስት ቦታ ሲደገምና ሦስቱም አብረው የሚለወጡ መሆናቸውን ሳውቅ ለይቼ አወጣዋለሁ። በመልክ መመሳሰል ብቻውን በቂ አይደለም። የዜና ካርድና የሠራተኛ ካርድ ዛሬ አንድ ዓይነት ክፈፍ ስላላቸው በአንድ ኮምፖነንት ብትጠቀልሏቸው፣ ነገ ለዜናው ቀን፣ ለሠራተኛው የሥራ መደብ ሲጠየቅ አትሪቢዩት በአትሪቢዩት ላይ ትደርባላችሁ፤ በስድስተኛው ላይ ኮምፖነንቱን የሚጠራው ሰው የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ለማወቅ የውስጡን ኮድ ማንበብ ይኖርበታል። እንዲህ ያለው ኮምፖነንት ለሁለት ቢከፈል ይሻላል፤ ጥቂት መስመሮች መደገማቸው አያስፈራኝም።

ከእናንተ እጅ ያልወጣ ጽሑፍ ሲያጋጥማችሁ ደግሞ እንደ ተራ ጽሑፍ እንዲወጣ እንጂ እንደ ኤችቲኤምኤል እንዲተረጎም አትፍቀዱ፤ ዌብሲ ለሁለቱ የተለያየ ትእዛዝ ያስቀመጠው በምክንያት ነው።

እኔ ዛሬም የምሠራበትን መንገድ ልንገራችሁ። ማንኛውንም ኮምፖነንት ከመንካቴ በፊት የወጣውን ፎልደር በሌላ ስም ገልብጬ አስቀምጣለሁ፤ ለውጡን አድርጌ እንደገና ቢልድ አደርግና ሁለቱን ፎልደሮች መስመር በመስመር የሚያነጻጽር ትእዛዝ እሰጣለሁ። እንዲለወጡ የጠበቅኋቸው መስመሮች ብቻ ተለውጠው ካገኘሁ ሥራው ለመውጣት ዝግጁ ነው። አንድ ካርድ ላይ ክፍተት ጨምራችሁ ካርዱ የሌለባቸው ገጾች ሁሉ ተለውጠው ብታገኟቸው፣ ምክንያቱን ሳታውቁ አታሰራጩ። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግርጌው ላይ የሚታተም የቢልድ ሰዓት ነው፤ እሱን ለጊዜው አውጡና ንጽጽሩን ድገሙት።