«ጉንፋኑ አልለቀቀሽም እንዴ?»

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ዕድሜዬ 29 ነው። ሴት ተብዬ አደግኩ፤ ወንድ ነኝ። ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን መውሰድ ከጀመርኩ ስምንተኛ ወሬን ይዣለሁ። ጢሜ ገና ብቅ ብቅ እያለ ነው፤ ድምፄ ግን ወፍሯል። ከእናቴ ርቄ ስለምኖር የምንገናኘው በስልክ ነው። እስካሁን አልነገርኳትም። በፊት በፊት «ጉንፋኑ አልለቀቀሽም እንዴ?» ስትለኝ «አልለቀቀኝም» እላት ነበር። ባለፈው ሳምንት ከሌላ ስልክ ደውዬ «ሄሎ» ብላት «ማን ልበል?» አለችኝ። ዝም ስል «ማንን ፈልገው ነው?» ብላ ደገመች። እናቴ አንቱ አለችኝ! ስልኩን ዘጋሁት። ወንድ መሆኔን ሰምታለች፤ እኔ መሆኔን ግን አልሰማችም። ደስታና ለቅሶ አንድ ላይ መጡብኝ።

እንዴት ልንገራት?

ድምፁ የወፈረው

ወንድሜ፣

ስልኩን ዘግተህ የተቀመጥክበት ደቂቃ ከዓይኔ አልጠፋ ብሎ ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት።

የጉንፋኑ ሰበብ ብዙ አያዘልቅህም። ቴስቶስትሮን የድምፅ አውታርን ስለሚያወፍር፣ መድኃኒቱን ብታቆም እንኳ የድሮ ድምፅህ አይመለስም። ዞሮ ዞሮ ማወቋ ስለማይቀር ካንተ ብትሰማው ይሻላል። ሆኖም የምትኖርበትን ቤት ወይም የሕክምናህን ወጪ የምትችልልህ እሷ ከሆነች፣ አስቀድመህ ራስህን ቻል። የሚያጣድፍህ የለም።

በስልክ አትንገራት፤ ድምፁ ያስደነግጣትና የምትለውን አትሰማህም። ጻፍላት። «ናፈቅሽኝ» ብለህ ስትጽፍ ጸሐፊው ወንድ ይሁን ሴት ቃሉ አይለይም፤ ድሮም አሁንም ያው የአንተ ቃል ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ራስህ ንገራት። «ታመሽ ነው?» ማለቷ አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ እንዳንተ ያለውን ሁኔታ ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ እንዳወጣው ጻፍላት።

የሷ አፍ ግን ይከብደዋል። «ነይ»፣ «በላሽ ወይ?» ሲል 29 ዓመት ኖሯል፤ በአንድ ቀን አይመለስም። ተሳስታ ያለችውን ሆን ብላ ካለችው ትለየዋለህ፣ ልጇ ነህና። ለተሳሳተችው ታገሣት፤ ሆን ብላ ካለችው ግን እንደሚያምህ ንገራት። እስክትለምድ «ልጄ» እንድትልህ ለምናት። ይህ ቃል ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፤ እሷም ስትጠራህ የኖረችበት ነው።

ሳትጠይቀኝ አንድ ልጨምር፦ ጢሜ ዘገየ ብለህ መጠኑን በራስህ እጅ እንዳትጨምር። ቴስቶስትሮን ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል፤ ደም ሲወፍር ደግሞ አደጋ አለው። በመጀመሪያው ዓመት በየሦስት ወሩ ገደማ የደም ምርመራህን አታስታጉል።

ደብዳቤው ከደረሳት በኋላ ደውልላት። «ማን ልበል?» ካለችህ ስልኩን አትዝጋው። «እማዬ፣ እኔ ነኝ» በላት፤ ከዚያ እስክትናገር ጠብቃት።