ኦዲተሩ 9.8 ይላል፣ አፕት 9.6 ላይ ቆሟል

ጥያቄ፦ «ኡቡንቱ 24.04 ያለበት አንድ ሰርቨር እጠብቃለሁ። ከተጫነ ጀምሮ አፕዴት ተደርጎ አያውቅም። ሰሞኑን ኦዲተሮች በስካነር ፈተሹትና ‹ኦፐን ኤስኤስኤች 9.6 ነው፣ ሲቪኢ-2024-6387 የተባለው ክፍተት አለበት፣ ወደ 9.8 ይደግ› ብለው ጻፉብኝ። የኡቡንቱን ፕሮግራም ጫኝ አፕትን ስጠይቀው ግን የሚያቀርብልኝ ያንኑ 9.6ን ነው፤ መጨረሻው ላይ ነጥብና ቁጥር ብቻ ተጨምሮበታል። በሁለቱ መካከል ምን እንደተቀየረ ሳላውቅ ልነካው ፈራሁ። ከሩቅ ወደ ሰርቨሩ የምገባበት በር ኦፐን ኤስኤስኤች ብቻ ነው። ልዩነቱን ከተርሚናል ሳልወጣ ማየት እችላለሁ?»

መልስ፦ ትችላለህ ወንድሜ። መፍራትህም ልክ ነው። ከሩቅ የምትገባበትን ሰርቨር ኤስኤስኤች ሳያዩ መንካት በሩን ራስህ ላይ መቆለፍ ሊሆን ይችላል።

ትእዛዞቹን እዚህ በአማርኛ ፊደል እጽፋቸዋለሁ። ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል አድርጋቸው። በዚህ ጀምር፦

አፕት ፖሊሲ ኦፐንኤስኤስኤች-ሰርቨር

«ኢንስቶልድ» የሚለው መስመር አሁን ያለህን ይነግርሃል። «ካንዲዴት» ደግሞ አፕት ሊጭንልህ ያዘጋጀውን። ያንተ ማሽን አፕዴት ካላየ የመጀመሪያው 1:9.6ፒ1-3ኡቡንቱ13 ይመስለኛል። ይህን ቁጥር ቀስ ብለን እንፍታው፤ የኦዲተሮቹም ጥያቄ መልሱ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ከሁለት ነጥቡ በፊት ያለው 1 ኢፖክ ይባላል፤ የአቆጣጠር ስልት ሲቀየር የሚጨመር ነው፣ ለአሁኑ እለፈው። 9.6ፒ1 የኦፐን ኤስኤስኤች ሰዎች ራሳቸው የሰጡት ቁጥር ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለው 3 የኡቡንቱ መሠረት የሆነው ዴቢያን ስንተኛ ጊዜ እንዳዘጋጀው ያሳያል። ኡቡንቱ13 ደግሞ ኡቡንቱ በላዩ የጨመረው ነው። ጭራው ላይ «.3» ሲመጣ፣ ኡቡንቱ ያንኑ 9.6 ይዞ አንዳች ነገር አስተካክሏል ማለት ነው።

ይህ አሠራር ባክፖርት ይባላል። ለዓመታት ተረጋግቶ እንዲቆይ በተለቀቀ ኡቡንቱ ላይ አዲስ ቨርዥን አያመጡብህም። ከአዲሱ ላይ ማስተካከያውን ብቻ ቆርጠው አሮጌው ላይ ይሰፉታል። ፓች ማለት መጣፊያ አይደል? ልብሱ ያው ልብስ ነው፤ የተቀደደው ቦታ ብቻ ተጥፏል። ስካነሩ ግን ሰርቨርህ ሲገናኙት የሚሰጠውን ሰላምታ አንብቦ «9.6» የሚለውን ሲያይ ይጮሃል። ጭራው እዚያው ሰላምታ ላይ ተጽፎ ሳለ ከቁጥር የማያስገባው ስካነር ብዙ ነው።

ክፍተቱን ኳሊስ የተባለው የደኅንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2024 ይፋ አደረገው። ኦፐን ኤስኤስኤች 9.8ም በዚያው ቀን ወጣ። ኡቡንቱ ለ24.04 ያዘጋጀው መድኃኒት 3ኡቡንቱ13.3 ነው። ስለዚህ 13.3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆንክ፣ 9.6 ላይ ሆነህም ይህ ክፍተት ተደፍኖልሃል።

በቃሌ አትመን፤ ራስህ እየው።

አፕት ቼንጅሎግ ኦፐንኤስኤስኤች-ሰርቨር

ይህ ሳይጭንብህ የለውጥ መዝገቡን ብቻ አውርዶ ያሳይሃል። አዲሱ ከላይ ነው፣ ወደ ታች ስትወርድ ወደ ኋላ ትሄዳለህ። የፍለጋ ጭረቷን (/) ተጭነህ 6387 ብለህ ፈልግ። 13.3 ሥር «ሴኪዩሪቲ አፕዴት» የሚል ታገኛለህ። ከሥሩ የፓቹ ፋይል ስም አለ፤ «ሎግ.ሲ» ውስጥ ያለው «ኤስኤስኤች-ሲግ-ዳይ» የተባለው ፈንክሽን ሎግ (የክንውን ማስታወሻ) መጻፉን እንዲተው መደረጉም ተጽፏል። ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ሊገባ ይሞክርና በተሰጠው 120 ሰከንድ ሳይገባ ይቀራል። ያኔ አላርም ይደወላል። አላርሙን የሚቀበለው ኮድ ሎግ ሊጽፍ ይሞክራል፤ በዚያች ቅጽበት ሎግ መጻፍ ግን አደገኛ ነው፣ ዋናው ሥራ ገና ሜሞሪ እያነካካ ሊሆን ይችላል። አጥቂው የሚያደባው ለዚያች ቅጽበት ነው። መድኃኒቱ በዚያ ቦታ ዝም ማለት ሆነ።

ለብዙ ሰው ይህ ይበቃል። እኔ ግን በር ለሆነ ፓኬጅ መዝገቡ አይበቃኝም። መዝገብ ሰው የጻፈው ነው፤ ኮዱ ራሱ ምን ሆነ የሚለውን የሚነግርህ ንጽጽሩ ነው። ለዚህ ዴብዲፍ አለልህ። «ዴቭስክሪፕትስ» ከሚባለው ፓኬጅ ጋር ይመጣል። ሰርቨሩ ላይ አትጫነው፣ ብዙ ነገር አስከትሎ ይገባል። ላፕቶፕህ ላይ በዶከር (ከማሽንህ ተለይቶ በሚሠራ ማቀፊያ) አንድ ኡቡንቱ 24.04 ከፍተህ እዚያ ሥራ።

መጀመሪያ «ኡቡንቱ.ሶርስስ» የሚለውን ፋይል ክፈትና «ታይፕስ» ከሚለው መስመር ላይ «ዴብ-ኤስአርሲ» ጨምር። አፕት አፕዴት አድርግ። ከዚያ፦

አፕት ሶርስ --ዳውንሎድ-ኦንሊ ኦፐንኤስኤስኤች=1:9.6ፒ1-3ኡቡንቱ13

ሁለተኛውንም በካንዲዴቱ ቁጥር እንዲሁ አውርድ። የሁለቱን «.ዲኤስሲ» ፋይሎች ስም አከታትለህ፣ አሮጌውን አስቀድመህ፣ ለዴብዲፍ ስጠው። ፋይሉ ስም ላይ «1:» የሚለው እንደማይኖር ልብ በል፤ ብዙ ሰው «ፋይሉ የለም» ተብሎ የሚቆመው እዚህ ነው። ሌላው ጥንቃቄ፦ ለዴብዲፍ ሁለት «.ዴብ» ፋይል (ተዘጋጅቶ የሚጫነውን ፓኬጅ) ብትሰጠው የፋይል ዝርዝሩንና የፓኬጁን መግለጫ ብቻ ነው የሚያነጻጽረው። የኮዱን ለውጥ አያሳይህም። የምትፈልገው ሶርሱን፣ ማለትም ምንጭ ኮዱን ነው።

ውጤቱ ሲመጣ አትደንግጥ። የመደመር ምልክት ያለው መስመር የተጨመረ ነው፣ የመቀነስ ያለው የወጣ። አንዳንዱ መስመር ግን ሁለት መደመር ወይም መደመርና መቀነስ አንድ ላይ ይዞ ይመጣል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የተጨመረው ፋይል ራሱ ፓች ነው። የፊተኛው መደመር «ይህ ፋይል አዲስ ገባ» ይልሃል፤ የኋለኛው ምልክት ፓቹ በኮዱ ላይ የሚያደርገውን። ዓይንህን የኋለኛው ላይ አድርግ። ካንዲዴቱ ከ13.3 በላይ ከሆነ ደግሞ በመካከል የተጣፉት ሁሉ ተደራርበው ይመጣሉ። የመካከለኞቹ ቁጥሮች ከአፕት ማከማቻ ይነሳሉ። ለብቻቸው ካስፈለጉህ የኡቡንቱ ፓኬጆች በሚዘጋጁበት ድረ ገጽ በላንችፓድ ላይ አሉ፤ «ፑል-ኤልፒ-ሶርስ» ያወርዳቸዋል።

ይህን ያህል የምለፋው በምክንያት ነው። ማርች 2024 ላይ ኤክስዜድ በተባለው የፋይል መጭመቂያ 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የኋላ በር (ድብቅ መግቢያ) ተገኘ። ኢላማው ይኸው ኤስኤስኤች ነበር። ነገሩን የጀመረው ቁልፉ ፋይል የነበረው ተጠቅልሎ የወጣው የኮድ ጥቅል፣ ታርቦሉ ውስጥ ነው፤ የኮዱ ለውጥ በሚመዘገብበት ጊት ላይ አልነበረም። የለውጥ መዝገቡን ስታነብ ብታድር አታገኘውም። ያገኘው ፕሮግራመሩ አንድሬስ ፍሮይንድ፣ ሎግኢን ግማሽ ሰከንድ ያህል ሲዘገይበት ጠርጥሮ ነው። ታርቦሉን ከጊቱ ጋር ዲፍ ላደረገ ሰው ግን ያ ፋይል ፊት ለፊት ይቆም ነበር።

አሁን ወደ ሰርቨርህ። ሁለት ተርሚናል ከፍተህ በሁለቱም ግባ። በአንዱ፦

ሱዶ አፕት አፕዴት
ሱዶ አፕት ኢንስቶል --ኦንሊ-አፕግሬድ ኦፐንኤስኤስኤች-ሰርቨር

የኤስኤስኤችን የኮንፊግ (ቅንብር) ፋይል «ልቀይረው ወይስ ያንተን ላቆየው» ብሎ ከጠየቀህ፣ ቸኩለህ ኢንተር አትምታ። ልዩነቱን አሳየኝ የሚል ምርጫ አለው፣ እሱን እይ። አንተ ያስተካከልከው ፖርት ወይም የተጠቃሚ ገደብ ካለ ያንተን አቆይ። ከዚያ «ሱዶ ኤስኤስኤችዲ -ቲ» በል፤ ቲዋ ትንሿ የላቲን t ናት። ምንም ካልመለሰ ኮንፊጉ ደህና ነው። ሁለቱን ሳትዘጋ ከሦስተኛ ተርሚናል አዲስ ሎግኢን ሞክር። የተከፈቱት እስክትዘጋቸው አሮጌውን ይዘው ስለሚቆዩ፣ እውነተኛው ፈተና ያ አዲሱ ሎግኢን ነው።

ለኦዲተሮቹ የአፕት ፖሊሲን ውጤትና ከቼንጅሎጉ የ13.3ን ክፍል ቆርጠህ ላክላቸው። የኡቡንቱ ማስታወቂያ ቁጥሩ ዩኤስኤን-6859-1 ነው፣ እሱንም ጨምርበት። ማሽኖችህ ብዙ ከሆኑ አንድ በአንድ አትቁጠር፤ «ዲፒኬጂ --ኮምፔር-ቨርዥንስ» ሁለት ቁጥር ተቀብሎ የትኛው እንደሚበልጥ ይፈርድልሃል። መካከላቸው «ጂኢ» ስታስገባ የፊተኛው እኩል ወይም በላይ መሆኑን ይጠይቃል። ስክሪን ላይ ምንም አይጽፍም፤ መልሱን ትእዛዙ ሲያበቃ በሚተወው ቁጥር፣ በኤግዚት ኮድ ነው የሚሰጥህ፣ 0 ከሆነ አዎ ነው። ስክሪፕት ውስጥ አስገባውና ከ13.3 በታች የሆኑትን ብቻ ለይቶ ያውጣልህ።