መልስ፦ «ድመትና ውሻ ይዘንባል» ምን ማለት ነው?

ከኮምቦልቻ የጠየቁን ወንድማችን፣ «ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ቃል በቃል ሲተረጎም ድመትና ውሻ ከሰማይ የሚወርዱ ስለሚያስመስል ግራ ቢጋቡ አይፈረድብዎትም። ትርጉሙ ግን በሐምሌ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ደሴ ላይ ዶፍ ሲወርድ «ሰማዩ ተቀደደ» እንደምንለው ነው። ይሁን እንጂ ፈሊጡ ዛሬ ያረጀ ተደርጎ ስለሚታይና የእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ በዕለት ንግግራቸው «ኢትስ ፖሪንግ» (ዶፍ እየወረደ ነው) ማለትን ስለሚመርጡ፣ ሲሰሙት እንዲያውቁት እንጂ እንዲጠቀሙበት አልመክርም። «ዋንስ ኢን ኤ ብሉ ሙን» ደግሞ «ከስንት ጊዜ አንዴ» ማለት ነው፤ ሰማያዊ የተባለችው ጨረቃ (መልኳ እንኳ ሰማያዊ አይደለም) በአንድ የፈረንጆች ወር ለሁለተኛ ጊዜ የምትታየው ሙሉ ጨረቃ ስትሆን፣ በአማካይ በ2 ዓመት ተኩል ገደማ አንዴ ታጋጥማለች። «ስፒል ዘ ቢንስ» ባቄላ ከመድፋት ጋር አይገናኝም፤ ምስጢር ማውጣት ነው።