ሞተሩ ለምን ይንቀጠቀጣል? የቆየ ፒክአፕ ላላቸው አንባቢያን የተሰጠ መልስ

ሰሞኑን የደረሱን ጥያቄዎች በአብዛኛው የቆየ ፒክአፕን የሚመለከቱ ናቸው። ቅሬታቸውም ተቀራራቢ ነው፤ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ይንተፋተፋል። የሚያሳዝነው ብዙዎቹ ጠያቂዎች ችግሩ ሳይለይ ዕቃ ቀይረው መጨረሳቸው ነው። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ሞተሩ መቼ እንደሚንቀጠቀጥ ልብ ይበሉ። ቆሞ ነው? ሲጫን ነው? ጠዋት ብቻ ነው? የምርመራው ግማሽ እዚያ ላይ ያልቃል።

ጥያቄ፦ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ፒክአፕ አለኝ፣ ካርቡራተር ነው። ቆሞም ሲሄድም ይንቀጠቀጣል፤ ጉልበቱም ቀንሷል። አራቱንም ካንዴላ ቀየርኩ፣ ካርቡራተሩም ታጠበ፤ ለውጥ የለም።

መልስ፦ በሁሉም ፍጥነት የሚንቀጠቀጥና ጉልበት ያጣ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ሲሊንደር እየሠራ ነው። የተኛውን ሲሊንደር ለማግኘት ሞተሩን ካሞቁ በኋላ ያጥፉት። የአንዱን ካንዴላ ገመድ ነቅለው ጫፉ ላይ ትርፍ ካንዴላ ይሰኩ፤ የዚያን ካንዴላ ብረትም ከሞተሩ ብረት ጋር አጥብቀው ያገናኙት። ከዚያ አስነስተው ሚኒሞውን (ፔዳል ሳይረገጥ የሚሠራበትን ዝቅተኛ ዙር) ያዳምጡ። ከበፊቱ የባሰ ከተንቀጠቀጠ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር ማለት ነው። ምንም ለውጥ ከሌለ የተኛው እሱ ነው። በአራቱም ላይ በየተራ ይድገሙት። ሞተሩ እየሠራ ገመድ መንቀል የተለመደ ቢሆንም አንመክርም፤ ሰው ይመታል፣ መሄጃ ያጣው ከፍተኛ ቮልቴጅም ቦቢናውን (ያንን ቮልቴጅ የሚያመነጨውን ዕቃ) ይጎዳል። ካታሊስት (በጭስ ማውጫው ላይ ያለ የጭስ ማጣሪያ) ያለው መኪና ከሆነ ሙከራውን በጥቂት ሰከንዶች ይጨርሱ፤ ሳይነድ የወጣው ቤንዚን እዚያ ገብቶ ሲነድ ካታሊስቱን ያበላሸዋል።

የተኛው 3ኛው ነው እንበል። ካንዴላውን ከ2ኛው ጋር ያቀያይሩት። ችግሩ ወደ 2ኛው ከሄደ ካንዴላው ነው፤ አዲስ ስለሆነ ብቻ አይመኑት። ካልሄደ ገመዱን በቴስተር ይለኩ። በብዙ የቆዩ ቶዮታዎች የአንድ ገመድ ከፍተኛ ልክ 25 ኪሎ ኦም ነው፤ ቴስተሩ ምንም ካላነበበ ገመዱ ውስጡ ተበጥሷል። ማታ ኮፈኑን ከፍተው፣ እጅዎን አርቀው፣ በገመዶቹ ላይ ውሃ በስሱ ቢረጩ ደግሞ የሚያመልጠው ብልጭታ እንደ ሰማያዊ ክር ሆኖ ይታያል፤ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅም አለው። የዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለካንዴላዎቹ በየተራ የሚያከፋፍለውን) ክዳን ውስጡን በመብራት ይዩት። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በእርሳስ የተሰመረች የምትመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ካለች ክዳኑ ይቀየራል። ብልጭታው ራሱ አቃጥሎ ያበጀው መንገድ ስለሆነ በጨርቅ ቢጠርጉት አይጠፋም።

እሳቱ ደህና ከሆነ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ ሲታመቅ የሚፈጠረው ግፊት) ይለካል። ሞተሩ ሞቆ፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ፣ አራቱም ካንዴላዎች ወጥተው፣ የቦቢናው መስመር ተነቅሎ፣ የቤንዚን ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ መሆን አለበት። ፔዳሉን መርገጥ ብዙ ሰው ይረሳል፤ ከዚያ አራቱም ዝቅ ብለው ሲያነቡ ሞተር አለቀ ተብሎ ያለ ጥፋቱ ይፈታል። እያንዳንዱን ሲሊንደር አምስት ምት ያህል ያዙሩት። ዝቅተኛው ከከፍተኛው 75 በመቶ በታች ከሆነ ችግር አለ። በዚያ ሲሊንደር አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ። ንባቡ ከፍ ካለ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ተበልቷል፤ ካልተነቃነቀ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከሞተሩ ራስ ሥር ያለው ማሸጊያ) ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ዝቅ ካሉ ጓርኒሲዮኑን አጥብቀው ይጠርጥሩ። ቴስታታ ከመፈታቱ በፊት ግን የቫልቩ ክፍተት ይታይ። ክፍተቱ ያነሰ ቫልቭ በደንብ ስለማይዘጋ ኮምፕሬሽን ያፈስሳል፤ በዚያው ከቆየም ይቃጠላል። በቶዮታው 22አር ሞተር ላይ ልኩ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ ለማስገቢያው 0.20፣ ለማስወጫው 0.30 ሚሊሜትር ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ቆሞ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው፤ ቤንዚን ስሰጠው ልስልስ ይላል።

መልስ፦ ያልተፈቀደ አየር እየገባ ነው የሚለውን ይያዙ። በሚኒሞ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ስለሆነ በስንጥቅ የሚገባው ትንሽ አየር ድብልቁን ያሳሳዋል፤ ፍጥነት ሲጨምር ያው ስንጥቅ ኢምንት ይሆናል። ቀጫጭን የጎማ ቱቦዎቹን ጫፋቸው ላይ እያጎነበሱ ይዩ፤ የሚሰነጠቁት እዚያ ነው። ወደ ፍሬን ማገዣው የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ በፒንሳ ለአፍታ ቆንጥጠው ይያዙት፤ ሞተሩ ከተስተካከለ አግኝተውታል። በካርቡራተሩ ሥርና በማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን ላይ ውሃ በስሱ ይርጩ፤ ውሃው ቀዳዳውን ሲደፍነው የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት ግን እሳት መጥራት ነው። ቱቦው ሁሉ ደህና ከሆነ ኢጂአር ቫልቩን (ከጭሱ ጥቂቱን ወደ ሞተሩ የሚመልሰውን) ያውጡ፤ ጥላሸት ከፍቶ ይዞት ከሆነ ምልክቱ ያው ነው።

ጥያቄ፦ ሜዳ ላይ ደህና ነው። ተጭኖ ዳገት ሲወጣ ግን ይደናቀፋል፣ ቆም ስል ይመለሳል።

መልስ፦ ነዳጅ አይደርሰውም። ከቀላሉ ይጀምሩ፤ የሳልባትዮውን ክዳን ላላ አድርገው ያንኑ ዳገት ይውጡ። ከተሻለው የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ካልተሻለው ፊልትሮውን ቀይረው አሮጌውን ነጭ ዕቃ ላይ ያራግፉት። ቡናማ ዝገት ከወረደ ሳልባትዮው ሳይታጠብ አዲሱም በቅርቡ ይደፈናል። ከፓምፑ በፊት ያለው የጎማ ቱቦ ሲሰነጠቅ ደግሞ ነዳጅ ሳያንጠባጥብ አየር ሊስብ ይችላል፤ ስለዚህ ደረቅ ነው ብለው አይለፉት።

ጥያቄ፦ ናፍጣ ነው። ጠዋት ነጭ ጭስ እያወጣ ይንቀጠቀጣል፣ ሲሞቅ ይተወዋል።

መልስ፦ አንድ ወይም ሁለት የማሞቂያ ካንዴላ ሞቷል። ከመለካትዎ በፊት ሁሉንም የሚያያይዘውን ብረት ይፍቱ፤ ካልፈቱት ደህናዎቹ የሞተውን ይሸፍኑታል። ደህናው ወደ አንድ ኦም ገደማ ያነባል፤ የሞተው ምንም አያነብም። ከባትሪ 12 ቮልት በቀጥታ አይስጡት፤ ለዝቅተኛ ቮልቴጅ የተሠሩ ስላሉ ይቃጠላሉ።

ሞቆም ካልተወው በሜካኒካል ፓምፕ ሞተር ላይ የኖዝሎቹን ቱቦ ማሰሪያ በየተራ፣ መነጽር አድርገውና ጨርቅ ይዘው፣ ትንሽ እያላሉ የተኛውን መለየት ይቻላል። ኮመን ሬይል (ኖዝሎቹ ሁሉ ከአንድ ከፍተኛ ግፊት ካለው የጋራ ቱቦ የሚመገቡበት አዲሱ ዓይነት) ከሆነ ፈጽሞ አይንኩት። እዚያ ውስጥ ያለው ግፊት ከ1000 ባር ሊበልጥ ይችላል፤ ናፍጣው ቆዳ በስቶ ይገባል።

ጥያቄ፦ ሁሉም ተለክቶ ደህና ነው ተባልኩ፤ መሪው ግን አሁንም ይንቀጠቀጣል።

መልስ፦ አንድ ወረቀት ከማርሚታው ጫፍ ጥቂት ጣት አርቀው ይያዙ። ወረቀቱ አልፎ አልፎ ወደ ውስጥ ከተሳበ የማስወጫ ቫልቭ አይዘጋም፤ ልኬቱ ይደገም። እኩል እየተገፋ ከተርገበገበ ሞተሩ ጤነኛ ነው፤ የሞተሩን ሱፖርቶዎች (ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ባለ ጎማ መያዣዎች) ይመርምሩ። ጎማው ከብረቱ ተላቆ ወይም ዘይት ጠጥቶ ለስልሶ ያገኙት ይሆናል።